የአያ ፈንታ ቱንቢ

ከነገሥታቱ ዘመን ወዲህ ጎንደር ላይ እንደ እኔ ያለ ግንበኛ አልተነሣም። ምስክር አላጣም፤ የሠራሁት ግድግዳ ዛሬም ቁስቋም ሰፈር ውስጥ ቆሞ ይገኛል። ስንት አጥር ተናደ፣ ስንት ጣሪያ ነፋስ ይዞት ሄደ፣ የኔ ግድግዳ ግን ንቅንቅ አላለም። እርግጥ በዕድሜዬ የሠራሁት ግድግዳ አንድ ብቻ ነው። እሱንም ያቆሙት ሌሎች ናቸው፤ የኔው ምርጊቱ ነው። ምርጊቱም ቢሆን ከመሬት እስከ ራሴ ድረስ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ራሴ ከመሬት ብዙም አይርቅም ነበር።

ይህን ሁሉ ያስነሣብኝ ቱንቢ ነው። ባለፈው ሰሞን መነጽሬ ጠፍቶብኝ የድሮውን ሣጥን ስበረብር ከሥሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘሁት፤ ሎሚ የሚያህል፣ ጫፉ የሾለ ናስ፣ ከላዩ የደረቀ ሲባጎ። ግንበኛ ሲባጎውን ከላይ ይዞ ናሱን ቁልቁል ይለቀዋል። ግድግዳው ከሲባጎው ጋር እኩል ከወረደ ቀጥ ብሏል፤ ከራቀ ወይም ከተጠጋ ዘሟል። ሽታው እንኳ አልለቀቀውም፤ ናስ፣ ኖራና እርጥብ አፈር። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ዐሥራ አንድ ዓመቴ ሆነ።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ከቁስቋም ደብር ቁልቁል ሲወርዱ መጨረሻ ላይ ያለችው ነበረች። ጣልያን ከወጣ ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው። አባቴ መሪጌታ ነው። ድሮም ከቤቱ ይልቅ ቅኔ ማሕሌት የሚያመሽ ሰው ነበር፤ እናቴ ከሞተች በኋላ ግን ጨርሶ የደብሩ ሆነ። ቤት ሲመጣ ፊት ለፊት ተቀምጠን ቆሎ እንቆረጥማለን፤ ከቆሎው በቀር የሚናገር የለም። ጸጥታው ከመብዛቱ ቁንጫ ስትዘል ይሰማኝ ነበር። የሰፈሩ ልጆች እናት የሞተችበትን ልጅ ምን እንደሚሉት ስለማያውቁ ሸሹኝ። እኔም ከራሴ ጋር ገበጣ እጫወት ጀመር። ያውም እየተሸነፍኩ።

እንግዲህ ያ ግድግዳ በጓሮ በኩል ያለው ነው። በእኛ አገር ቤት ማቆም የወንድ፣ መምረግ የሴት ሥራ ነው። እናቴ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ትመርገው ነበር። እሷ ስትቀር ግድግዳውም ሰው አጣ። አንድ ክረምት ቢያልፍበት የታችኛው ምርጊት ረግፎ ማገሩ እንደ ከሲታ በሬ ጎድን ወጣ፤ ከማዕዘኑም አንድ ስንጥቅ ተነሥቶ ጣሪያ ደረሰ። በዚያ ስንጥቅ ጅብ ከነሚስቱ ሳይጎነበስ ይገባ ነበር። እሺ፣ ድመት ትገባ ነበር።

ለእናቴ የሙት ዓመት ተዝካር ታላቅ እኅቷ፣ አክስቴ ይታይሽ፣ ከመካነ ብርሃን በበቅሎ መጣች። ስንጥቁን አየች፤ እጇን እስከ ክንዷ አስገባችበት። ከዚያ በእንግዶቹ ፊት አባቴን ጠራችው።

«መሪጌታ፣ ምነው? ይኸ የሰው ቤት ነው ወይስ የግልገል በረት? ለግንቦት ልደታ እመለሳለሁ። ያን ጊዜ ይኸ ግድግዳ እንዲህ እንዳገጠጠ ካገኘሁት ልጁን በቅሎዬ ላይ ጭኜ እሄዳለሁ። የእኅቴ ልጅ ብርድ አይገድለውም።»

አባቴ መሬት መሬት እያየ «ይሁን» አለ።

መካነ ብርሃን ክፉ አገር ሆኖ አይደለም። ወተት አለ፣ ሰባት የአክስቴ ልጆች አሉ፤ ሌላ ልጅ ቢሆን ከበቅሎዋ ቀድሞ ይደርስ ነበር። እኔ ግን ሁለት ነገር ያዘኝ። አንደኛው አባቴ ነው፤ ከሄድኩ ያን ቆሎ ከማን ጋር ይቆረጥማል? ሁለተኛው ግድግዳው ራሱ ነበር። ከመደቤ በላይ እናቴ ጭቃውን በአራት ጣቷ ጠርጋ ያለፈችበት መስመር ነበረ። ሲከፋኝ ጣቶቼን እዚያ ላይ አሳርፋለሁ። ይሰፋኛል።

አባቴ የሚያውቀው ብረት ጸናጽል፣ የሚያውቀው እንጨት መቋሚያ ነው። ስለዚህ ወደ ጎረቤታችን ወደ አያ ፈንታ ሄድኩ። አያ ፈንታ ድንጋይ መጥረብን ከጣልያን ሠራተኞች ጋር ሲሠራ የለመደ ግንበኛ ነበር። ከእንጨት መወጣጫ ላይ ወድቆ ዳሌው ስለተሰበረ ሲራመድ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ በዚያ ላይ ሚስትም ልጅም የለው። የራሱን ዝንባሌ በቱንቢ ለክቶ «ሦስት ጣት ዘምሜያለሁ፤ የሚያቃናኝ ግን ጠፋ» ይል ነበር። የደብር ሰው ልጁን ከግንበኛ ጋር ማየት አይወድም፤ ጭቃ ረጋጭ ይሉታል።

የመጣሁበትን ነገርኩት።

«አባትህ ያውቃል?» አለኝ።

«አያውቅም፣ አያ ፈንታ።»

«ሸጋ። ያላወቀ ሰው አይቆጣም።»

መጣ፤ ከጓሯችን ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ወገቡ ስለማይታጠፍለት ሥራው ሁሉ በአፉ ሆነ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እሠራለሁ። መጀመሪያ ግድግዳውን አልነካንም፤ ከኋላው ቦይ አስቆፈረኝ። ግድግዳን የሚገድለው እግሩ ሥር የሚያድር ውሃ ነው አለኝ፤ ውሃውን መንገድ ሳያሳዩ የሚመርጉት ሰዎች በየዓመቱ ያንኑ ግድግዳ ሲመርጉ ይሞታሉ። ሁለት ቀን ቆፈርኩ። በሁለተኛው ቀን ሱዳን የምደርስ መስሎኝ ነበር።

ቀጥሎ አሮጌውን ምርጊት በጣቴ አንጓ እያንኳኳሁ እንድሄድ አደረገኝ። ጠንካራው ድም ይላል፣ የሞተው እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል፤ የጮኸው ሁሉ ይርገፍ። ስንጥቁን ደግሞ በመጥረቢያ ጫፍ እንዳሰፋው አዘዘኝ። ደነገጥኩ፤ ልንደፍነው አይደል? ሳቀብኝ። ጠባብ ስንጥቅ ጭቃ አይቀበልም፤ ከላይ ብቻ ይሸፈንና ከውስጥ ክፍቱን ይቀራል። አስፋው፣ አቧራውን ጥረገው፣ ውሃ አጠጣው፣ ከዚያ ጭቃውን ወርውረው፤ አትለጥፈው።

ወደ ውስጥ ገብተን እያንኳኳሁ ከመደቤ በላይ ደረስኩ። የእናቴ መስመር ጋ ስደርስ እጄ አልሄድ አለ። አያ ፈንታ ከበሩ ላይ ሆኖ አየኝ፤ እያነከሰ መጥቶ ራሱ አንኳኳው። እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። ሁለታችንም ሰማን።

«ይኸ ጠንካራ ነው» አለ። «ይኸን አትንካው።»

ከዚያ ጭቃው መጣ። ቀይ አፈር፣ ውሃ፣ ጭድ። ጭዱ የጤፍ ይሁን፤ የጤፍ ከጠፋ የገብስም ይሆናል፣ ግን ዛላ እንዳይኖርበት በደንብ አበጥረው አለኝ። ጭቃው ስምንት ቀን ይቦካል፤ በየጧቱ ይረገጣል። ስምንት ቀን ካልቦካ ውስጡ ያለው ነገር አይሞትም። ጭቃው እያደር እንደ ጠላ ጥንስስ ይሸታል፤ እስከ ጉልበቴ ስገባበት ደግሞ የሚሞቅ ነገር አለው። ለዓመት ያህል የሞቀኝ እሱ ብቻ ነበር።

ስረግጥ አያ ፈንታ ስለ ወደፊት ኑሮዬ ይመክረኛል። አባቴ እንደ እሱ ማሕሌታይ እንድሆን ይፈልግ ነበር፤ የኔን ድምፅ የሰማ ሁሉ ደግሞ ተስፋ ቆርጧል። አንዴ ዜማ ስለማመድ የጎረቤት አህያ መልሳልኛለች። አያ ፈንታ ግን አልሳቀም። ሙያ ስትይዝ፣ አለኝ፣ ስሕተቱ የሚታይ ሙያ ያዝ። ግድግዳ ሲዘም አላፊ አግዳሚው ያያል፤ ግንበኛው ያፍርና ያፈርሰዋል። ሳይታይ የሚዘም ሥራ የያዝክ እንደሁ ግን ማንም ሳይነግርህ ታረጃለህ። ደግሞ ከማን ሥር እንደምትሠራ ከማየትህ በፊት፣ ሰውዬው ራሱ ላበላሸው ምን እንደሚል ጠይቅ። የምሩን ነበር የሚናገረው። እኔ ግን ከምክሩ ይልቅ ሰው የሚያናግረኝ መሆኑ ነበር የገረመኝ።

ጭቃው በተቦካ በሦስተኛው ቀን አያ ፈንታን የውሃ ጉድጓድ በድንጋይ ማስለበጥ የፈለገ ሰው አዘዞ ጠራው። ሁለት ሳምንት እቆያለሁ አለ። ሲሄድ ያለው አንድ ነገር ነው፤ «ርገጥ እንጂ እንዳትመርግ። ስምንቱን ቀን ቁጠር።»

እሱ በሄደ በማግስቱ ከመካነ ብርሃን የመጣ ገበያተኛ መልእክት አደረሰን፤ አክስቴ ልደታን ሳትጠብቅ ቀድማ ልትደርስ ነው፣ መንገድ ላይ ነች። አባቴ መልእክቱን ሰምቶ ጋቢውን ተከናነበና ወደ ደብሩ ወጣ። እኔ ግድግዳውን አየሁት። ቦዩ ተቆፍሯል፣ ምርጊቱ ረግፏል፣ ስንጥቁ ሰፍቷል። ማለትም አክስቴ ካየችው ጊዜ ይልቅ አሥር እጥፍ ብሶበታል።

በአራተኛው ቀን መረግሁ። ጭቃው ቀጥኖ ነበርና ጭድ አነሰኝ፤ ከጎረቤት በቅሎ ፊት የገብስ ጭድ በአቁማዳ አምጥቼ ጨመርኩበት። ማበጠሩን አላሰብኩትም፤ በቅሎዋ ሳታበጥር ትበላው የለም? ከጧት እስከ ማታ ወረወርኩ። ከቁመቴ በላይ ያለው ምርጊት ደግነቱ ድሮም አልረገፈም፤ የስንጥቁን ጫፍ በመሰላል ደፈንኩት። አባቴ ሲመለስ ከፀጉሬ እስከ ጥፍሬ ጭቃ ሆኜ አገኘኝ። የመሪጌታ ልጅ! ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። መጥቶ መዳፉን እርጥቡ ግድግዳ ላይ አሳረፈ፤ ከዚያ ውሃ አሙቆ እግሬን አጠበኝ።

አክስቴ ከሦስት ቀን በኋላ ደረሰች። ግድግዳውን በውስጥም በውጭም እየዞረች አየችው፤ ባለፈው ክንዷን ያስገባችበትን ቦታ በቡጢ መታችው። አልነቃነቅ አላት።

«ማነው የመረገው?» አለች።

እኔ ልል አፌን ከፈትኩ። ቀደመችኝ፤ «መቼም ሕፃን ያቦካው ከሆነ ለክረምት አይደርስም።»

«አያ ፈንታ ነው» አልኩ። «አዘዞ ሳይሄድ።»

«ፈንታ ከሆነስ ደግ» አለች፤ «የሱ እጅ ይበቃል።» አባቴ ዳዊቱን እያገላበጠ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ፤ መልሶ ዳዊቱን አየ። እሱም እንድሄድበት አልፈለገም። ይህን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። በቆሎው ምትክ ዝምታ ተካፈልን።

አክስቴ ልደታን አክብራ ልትሄድ ከረመች። የግንቦት ልደታ በሰፈሩ እንደሚከበረው፣ ጎረቤት ሁሉ ንፍሮውን ይዞ ከቤታችን ጓሮ ካለው ወይራ ሥር ተሰበሰበ። ሳምንቱን ሙሉ ሲያካፋ ሰንብቶ ወደ ጓሮ የዞረ ሰው አልነበረም፤ ያን ዕለት ግን ፀሐይ ወጣች። እኔ ንፍሮዬን አፌ ውስጥ እንደጨመርኩ አንዲት ጎረቤታችን «ኧረ የልደታ ያለሽ!» ብላ ተነሣች።

ግድግዳችን አረንጓዴ ሆኗል። ከታች እስከ እኔ ቁመት ድረስ፣ ጣት ጣት የሚያህል ገብስ፣ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ወደ ፀሐይ ቀና ቀና እያለ። ማሳ ላይ እንኳ እንዲህ አይበቅልም። ሰዉ መጀመሪያ ተአምር መስሎት አማተበ፤ ከዚያ አንዱ ጠጋ ብሎ ጭዱን አየና ሳቁን ለቀቀው። በቃ። ቄሱ ሳቁ፣ ሽማግሌው ሳቀ፣ የሸሹኝ ልጆች ሳይቀሩ መጥተው ትከሻዬን ይዘው ሳቁ። አክስቴ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

«ፈንታ ግንበኛ ነው ስል ለካ ገበሬ ኖሯል!» አለች። «የከርሞውን የልደታ ንፍሮ ከዚሁ እናጭዳለን። ልጁ እዚሁ ይቆይ፤ ሲርበው ግድግዳውን ይጨድ!»

ቆይ ተባልኩ። እዚያው ላይ እውነቱን ብናገር ሕፃን የመረገው ቤት ነው ተብሎ በቅሎ ላይ እጫናለሁ ብዬ ፈራሁ። ምናልባት አልጫንም ነበር። አልሞከርኩትም።

አያ ፈንታ ከአዘዞ ሲመለስ ወሬው መንገድ ላይ ጠበቀው። አክስቴ ልትሄድ በቅሎዋን እያስጫነች ነበር። እያነከሰ ወደ ጓሯችን ገባ፤ አምስት ስድስት ሰው ተከትሎታል። ገብሱን አየ። ከሥሩ ትንሽ ጭቃ ቆርሶ በጣቱ አሸው፣ አሸተተው። የአራት ቀን ጭቃ መሆኑን እንደ ዳቦ ጋጋሪ ያውቃል። ከዚያ እኔን አየኝ፤ የተጫነችውን በቅሎ አየ።

«አያ ፈንታ፣ ስንት ቁና ትጠብቃለህ?» አለው አንዱ ተከታይ።

«ዝናቡ ከጣለ» አለ አያ ፈንታ፣ «ሁለት ቁና አያጣም።»

ሳቁ አገር አናወጠ። አክስቴም እየሳቀች ሄደች።

እኔ ከአባቴ ጋር ቀረሁ። ገብሱ ሳይሸት ደረቀ፤ ግድግዳው ግን ጸና። እንዲያውም ሥሩ ጭቃውን ያስተሳሰረው ይመስለኛል። አያ ፈንታን ግን በቀጣዩ በጋ ለምርጊትም ለግንብም የጠራው የለም፤ በየጠላ ቤቱ «ገብስ ዘሪው» ሆነ። እኔም ልጆቹ ስለታረቁኝ ገበጣ ከሰው ጋር መጫወት ጀመርኩ፤ ደጁ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ድንጋይ ሲጠርብ እያየሁት በላይኛው መንገድ ዞሬ አልፍ ነበር። የመዶሻው ድምፅ ግን በሁለቱም መንገድ ይሰማል።

በዓመቱ ዛሪማ መንገድ ላይ የውሃ መተላለፊያ የሚሠራ ግንበኛ ይፈለጋል ተባለና ሄደ። የሚሄድ ዕለት በራችን ላይ ቆሞ ጠራኝ። ተቆጥቶኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ቱንቢውን ሰጠኝ። «ስትይዘው እጅህ ከተንቀጠቀጠ አትጣደፍ» አለኝ። «ጠብቀው፤ ራሱ ይቆማል።» ለምን ትሰጠኛለህ ብዬ ስጠይቀው፣ ለገበሬ ቱንቢ ምን ያደርግለታል አለና ሳቀ። እያነከሰ ቁልቁል ሲወርድ ጥግ እስኪዞር አየሁት። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

ዛሬ ያ ቤት የኔ ነው። አባቴ ሞቷል፤ ሚስት አግብቼ አልበረከተችልኝም። ያን ጊዜ ሰፈሩ የአንድን ቤት ስንጥቅ ተሰብስቦ ያይ ነበር፤ ዛሬ ግድግዳው ሁሉ ብሎኬትና ሲሚንቶ ሆኖ ማን ከየትኛው ስንጥቅ ጀርባ እንደሚኖር አይታወቅም። ሙያዬም መዝገብ ቤት ወረቀት ማዘዋወር ነው፤ ቢዘምም ማንም አያየውም። የእናቴ መስመር ከመደቡ በላይ እንዳለ ነው። ይጮኻል፣ ግን አልወደቀም። መነጽሬን ያጣሁ ዕለት ቱንቢውን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ጠበቅሁት፤ ቆመ። ሁለት ጣት ዘሟል።

ጎንደር ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ተጫዋች ይለኛል። በየሠርጉ፣ በየማኅበሩ የሚጠሩኝ ለአንድ ጨዋታ ነው፤ ግድግዳ ላይ ገብስ ስለ ዘራው ግንበኛ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አውርቼዋለሁ፤ አካሄዱን እያነከስኩ እያሳየሁ፣ ገብሱንም በየዓመቱ እያስረዘምኩ፤ ዘንድሮ ዛላው ጣሪያ ደርሶ ነበር። በጨዋታው ውስጥ እኔ ቆሜ የማይ ልጅ ነኝ፤ የመረገው አያ ፈንታ ነው። አንድም ቀን ስሙን አልቀየርኩም፤ አንድም ቀን ከሌላው ሰው ያነሰ አልሳቅሁም። አያ ፈንታ ያን ግድግዳ በእጁ አልመረገውም። ጭዱን ሳላበጥር፣ ጭቃውን ሳላቆይ የመረግሁት እኔ ነኝ።